አውፍ ያልኩት ለሰውየው ነው፤ ለስኩተሩ አይደለም

ወድቃችሁ ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ሰዎች፣ በተለይ እንደ እኔ የልጅ ልጅ ያያችሁ፣ ዳሌያችሁን ራጅ ሳትነሱ ወደ ቤታችሁ እንዳትመለሱ። «ጉልበት ነው፣ እርጅና ነው» ቢሏችሁ እሺ አትበሉ። እኔ እሺ ብዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ በተሰበረ ዳሌ ቆሜ ሄድኩ። የምጽፈው ስለዚያ ነው። ስለ ሰበረኝ ነገርም እጽፋለሁ፤ እሱ አሁንም መንገድ ላይ ነውና።

ከድጃ እባላለሁ፤ ሰው አዴ ከድጃ ይለኛል፤ እናት ከድጃ እንደ ማለት ነው። ጅማ ተወልጄ ጅማ ያረጀሁ ነኝ። እዚሁ ጅማ መርካቶ ውስጥ፣ ያገለገለ የቡና ጆንያ እገዛለሁ፣ የተቀደደውን እሰፋለሁ፣ መልሼ እሸጣለሁ። ከሰርቦና ከአጋሮ የሚመጡ ነጋዴዎች ያውቁኛል። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። አነባለሁ፣ ግን ቀስ ብዬ ነው።

ከቤቴ እስከ ሱቄ በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ልጄ ፈቲያ «ባጃጅ ተሳፈሪ» እያለች ዓመታት ለምናኛለች፤ እምቢ ብያለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ማንም ሳይወስደኝ፣ ማንም ሳያመጣኝ መርካቶ ደርሼ መመለሴ ነው ቀና ብዬ እንድኖር ያደረገኝ። ስታመም ያስጨነቀኝ ሞት አልነበረም። ያንን መንገድ ዳግመኛ በራሴ እግር እሄደው ይሆን ወይ የሚለው ነበር።

ስኩተሮቹ መጀመሪያ የታዩት ኪቶ ፉርዲሳ፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ግቢ ውስጥ ነው። ቆመው የሚነዱት፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባለ ሁለት ጎማ ነገር ነው። ሰው በስልኩ ይከፍተዋል፣ የፈለገበት ሲደርስ ትቶት ይሄዳል፣ ሌላው መጥቶ ይወስደዋል። ብዙም ሳይቆይ ወደ ከተማ ወረዱ። አንዱን መስጂድ በር ላይ ተጋድሞ አገኘሁት። አንዱ የአትክልት ሻጮቹን መተላለፊያ ዘግቶ ዋለ።

«ባለቤቱ ማነው?» ብዬ አንዱን ጎረምሳ ጠየቅኩት።

«የሁሉም ነው አዴ፤ ሼር ነው» አለኝ።

አልወደድኩትም። የሁሉም የተባለ ነገር ሲጠቅም ሁሉም «የእኔ ነው» ይላል፤ ሲሰብር ግን የማንም አይሆንም። ይህን ያልኩት ከመሰበሬ በፊት ነው፤ ምስክር አለኝ።

ቡና መለቀም በጀመረበት ሰሞን ነው፤ ጆንያ የሚፈለግበት ጊዜ። ጠዋት የእግረኛውን መንገድ ይዤ ወደ መርካቶ ስሄድ ስኩተሩ ከኋላዬ መጣ። ባጃጅ ቢሆን ይጮኻል፣ ጋሪ ቢሆን የፈረሱ ኮቴ ይሰማል። ይሄ ድምፅ የሚባል ነገር የለውም። «እናቴ!» የሚል ጩኸት ብቻ ሰማሁ፤ ከዚያ የቦይ ክዳን ላይ በግራ ጎኔ ወደቅሁ።

የነዳው ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው። ማቴዎስ ይባላል፤ ከደቡብ መጥቶ ወለል ላይ ሴራሚክ የሚያነጥፍ ባለሙያ ነው። እግሮቹ መሀል አንድ ካርቶን ሴራሚክ አቁሞ ነበር የሚነዳው። ሴራሚኩ ተሰባበረ፤ የእሱም ክርን ደማ። ሰው ከበበው፣ አንዱ ኮሌታውን ያዘው። እሱ ኮሌታውን እንደተያዘ ተንበረከከና «እናቴ፣ በጌታ ይዤዎታለሁ፣ ይቅር በሉኝ» አለ።

እንግዲህ በእኛ ዘንድ የተንበረከከ ሰው «አውፍ» ሳይባል አይነሣም፤ ይቅር ብዬሃለሁ ማለት ነው። ሰው ፊት የወጣ አውፍ ደግሞ አይመለስም። «አውፍ ብዬሃለሁ፣ ተነሥ» አልኩት። የከበበን ሁሉ «አልሐምዱሊላህ!» አለ። ትራፊክ ፖሊስ ሲደርስ «ታርቀዋል፣ ታርቀዋል!» ብለው ተቀበሉት።

«እውነት ነው እናት?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«እውነት ነው» አልኩ። ደብተሩን ሳይገልጥ መልሶ ኪሱ ከተተው።

ይቅር ማለቴ አይቆጨኝም። ስሕተቴ ሳላስመዘግብ ይቅር ማለቴ ነው። እናንተ መጀመሪያ አስመዝግቡ፣ ሐኪም ይያችሁ፣ ከዚያ አውፍ በሉ። ለአውፍ አይረፍድም።

ከዚያ ምን አደረግኩ? ተነሥቼ ሱቄ ሄድኩ። እያነከስኩ፣ ግድግዳ እየያዝኩ። ሰው «ብርቱ ናት» ሲለኝ ደስ አለኝ። እንዲህ ዓይነት ደስታ አጥንት ሲያበላሽ አየሁ።

በሦስተኛው ቀን ጉልበቴ ላይ የሚወጋ ሕመም ስለ ጠናብኝ ፈቲያ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰደችኝ። አግዳሚው ላይ ግማሽ ቀን ቁጭ አልን። ከእኔ በኋላ የመጡ ሦስት ሰዎች ቀድመውኝ ገቡ፤ አንደኛው ከተረኛዋ ነርስ ጋር በዓይን ሲነጋገር አይቻለሁ። ወደ በሩ ሄጄ «ወረፋው በዓይን ነው እንዴ?» ስል ፈቲያ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ።

ስገባ ወጣቱ ባለሙያ «የት ነው የሚያምዎት?» አለኝ። «ጉልበቴን» አልኩ። ጉልበቴን ራጅ አስነሣኝ። ራጁን ወደ መብራቱ ይዞ አየና፣ «አጥንትዎ ደህና ነው። የእርጅና ነው» አለኝ።

«ቀኝ እግሬስ?» አልኩት።

«ቀኙ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። አብሮ አይደል እንዴ የተወለደው? እርጅና አንዱን መርጦ ይይዛል?»

ሳቀ። የሚቀባ ቅባትና የሕመም ማስታገሻ ጻፈልኝ። ሁለተኛው ክሊኒክ ደግሞ «ነርቭ ነው» ብሎ አምስት መርፌ አዘዘልኝ። ሁለቱም ከጉልበቴ በላይ እጃቸውን አላሳረፉም። ጥርጣሬዬ ትክክል ነበር፤ ግን የተጠራጠርኩት የተሳሳተ ነገር ነው። ገንዘቤን ፈልገው ነው ብዬ ተጠራጠርኩ እንጂ፣ ያላዩት ቦታ አለ ብዬ አልተጠራጠርኩም። ልጠይቃቸው ሲገባኝ ሰድቤያቸው ወጣሁ።

ቤት ውስጥም ሰላም አልነበረም። ፈቲያ «ሱቁ ለጊዜው ይዘጋ» ስትል ባሏ ቦታውን ፈልጎ ያስባላት መሰለኝ። «ገና ሳልሞት?» አልኳት። አልቅሳ ወጣች። እኔም በነጋታው ሆን ብዬ ወደ ሱቄ ሄድኩ፤ በዱላ፣ በየመቶ እርምጃው እየቆምኩ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሱቅ ውስጥ፣ ከዝቅተኛዋ በርጩማዬ ልነሣ ስል ዳሌዬ ውስጥ አንድ ነገር ሲንሸራተት ተሰማኝ። ድምፁን ሰምቻለሁ፤ ደረቅ እንጨት ቀጭ እንደሚለው ነው። ከዚያ በኋላ እግሬ አላዘዘኝም። ጎረቤቶቼ ጆንያ ላይ አስተኝተው ተሸከሙኝና «ሰርቦ ጥሩ ወጌሻ አለ» ብለው ሚኒባስ ውስጥ አስገቡኝ። መንገዱ ላይ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ በዳሌዬ ቆጠርኩት።

ወጌሻው ሽማግሌ ናቸው። እውነቱን ልናገር፣ ሳያዩኝ በፊት ጠርጥሬያቸዋለሁ፤ ያሹኛል፣ ያስጮኹኛል፣ ቅቤ አምጡ ይላሉ ብዬ። እሳቸው ከበሩ ላይ ቆመው እግሮቼን ተመለከቱ። ግራ እግሬ ጣቶቹን ወደ ውጭ አዙሮ ተጋድሟል፤ ከቀኙም አጥሯል። እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ።

«ኩን ካን ኮ ሚቲ» አሉ፤ ይሄ የእኔ አይደለም ማለታቸው ነው። «ዳሌዋ ነው የተሰበረው። አልነካትም። ማንም እንዳያሻት፤ አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዷት።»

አንዱ ጎረቤቴ «ሜ፣ እባክዎ ትንሽ እንኳ ይዳስሷት» ብሎ ለመናቸው።

«ብዳስሳት ደስ ይልሃል፣ እሷ ግን ትጎዳለች» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ገንዘብም አልተቀበሉም። የተማሩት ሁለቱ ያላዩትን ከበር ላይ ቆመው አዩት። ወጌሻ እምቢ ሲል ግን የዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁ።

ሆስፒታል የአጥንት ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ራጁን አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። የጭን አጥንት ጫፉ ላይ እንደ ኳስ ያለ ክብ አለው፤ ዳሌ ውስጥ ገብቶ የሚሽከረከረው እሱ ነው፤ የተሰበረው የኳሱ አንገት ነው አለችኝ።

«ታዲያ ለምን ጉልበቴን አመመኝ?»

«የዳሌና የጉልበት ስሜት በአንድ የነርቭ መስመር ነው የሚመላለሰው። ዳሌው ሲጎዳ ጉልበት ላይ ይሰማል። ብዙ ሰው ይሳሳትበታል እናቴ፤ ሐኪምም ጭምር።»

መጀመሪያ ሲሰነጠቅ አጥንቱ እርስ በርሱ ተጣብቆ ስለነበር ነው የሄድኩት። ያን ጊዜ ቢታይ በብሎን ሊያያዝ ይችል ነበር። አሁን ተንሸራቷል፤ ኳሱ ወጥቶ የብረት ኳስ መግባት አለበት።

«ብረቱ አዲስ ነው?» አልኳት።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ሌላ ሰው ውስጥ የነበረ እንዳይሆን። እኔ የአሮጌ ጆንያ ነጋዴ ነኝ። አሮጌን ነገር አዲስ ማስመሰል ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ።»

ሐኪሟ ወንበሩን ይዛ ትንፋሿ እስኪያልቅ ሳቀች። በኋላ ግን ያልተከፈተ እሽጉን አምጥታ አሳየችኝ። ዳር ዳሩን ዳሰስኩት፤ አልተነካም። ፈረምኩ። ይህን በመጠየቄ አላፍርም፤ እናንተም እሽጉን አሳዩን በሉ። ጥሩ ሐኪም አይቆጣም።

ተራዬ እስኪደርስ ስምንት ቀን ጠበቅኩ። እግሬ ላይ ክብደት አንጠልጥለውበት፣ ዓይኔ ከኮርኒሱ ላይ ሳይነሣ። የሰው እጅ ካልረዳኝ ሽንት መሽናት እንኳ አልችልም። «አብሽሪ፣ አላህ ያሽርሽ» የሚል ጠያቂ አልጠፋም፤ ሲወጡ ግን በሩ አጠገብ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲነጋገሩ እሰማለሁ። «ከእንግዲህ እንኳን መርካቶ...» ሲል አንዱን ሰምቼው ስሙን ጠርቼ መልሼዋለሁ። «ጨርሰዋ!» አልኩት። አልጨረሰውም።

በሦስተኛው ቀን ማቴዎስ መጣ። ፈቲያ ልታስወጣው ተነሣች። እሱ ግን በሩ ላይ ቆሞ «የምትፈልጉት ነገር ካለ ልላክ» አለ።

«ማን ላከህ?» አልኩት።

«ማንም።»

«ሳይላክ የሚመጣ ሰው አላውቅም።»

ልፈትነው ብዬ «ንጹሕ ድንጋይ አምጣልኝ» አልኩት። ውሃ ለማይነካ በሽተኛ፣ ከሶላት በፊት ንጹሕ አፈር ወይም ድንጋይ ነክቶ ፊትንና እጅን ማበስ በእኛ ሃይማኖት ይፈቀዳል። እሱ ጴንጤ ነው፤ ለምን እንደምፈልገው አያውቅም። ደግሞም አልጠየቀኝም። ከሰዓት በኋላ ከወንዝ ዳር የወጣ፣ ታጥቦ በፀሐይ የደረቀ፣ ለመዳፍ የሚመች ድንጋይ በንጹሕ ፌስታል ይዞ መጣ። ተቀብዬው አመሰገንኩ። መጠርጠሬን ግን አላቆምኩም።

ምክንያቱም በማግስቱ የድርጅቱ ሰው መጣ። የስኩተሩ ድርጅት ስም ጀርባው ላይ የተጻፈበት ጃኬት ለብሶ፣ የታሸገ ጭማቂ ተሸክሞ።

«እማማ፣ አይዞዎት፣ ኖ ፕሮብሌም፣ ሁሉም ይስተካከላል» አለኝ። ከጭማቂው በታች አንድ ወረቀት ነበር። «ይቺ ፎርማሊቲ ናት። እዚህ ጋ አውራ ጣትዎን ብቻ...»

«ማንበብ እችላለሁ» አልኩት።

«ረጅም ነው እማማ፣ እኔ ላንብብልዎት።»

«ቀስ ብዬ ነው የማነበው። ትቸኩላለህ?»

ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ቃል አይዘልም። ወረቀቱ አደጋው የደረሰው «በተጠቃሚው ጥፋት ብቻ» መሆኑን፣ እኔም ከተጠቃሚው ጋር በእርቅ መጨረሴን፣ ስለዚህ ከድርጅቱ ምንም እንደማልጠይቅ ይላል።

«ይቺን ‹ብቻ› ማን ጻፋት?» አልኩት።

«ሊጋል ክፍላችን ነው።»

«እነሱ የዚያን ቀን መንገዱ ላይ ነበሩ?»

«እማማ፣ ልጁ በሰው ስልክ ነው የከፈተው፣ ዕቃም ጭኗል። ሲስተማችን ሁሉንም ያውቃል። የት እንደነበረ፣ በስንት ፍጥነት እንደሄደ፣ ሁሉም ተመዝግቧል። ለተማሪዎቹ ግቢ የተመደበው ከወሰኑ ሲወጣ እንኳ ራሱን በራሱ ያቆማል፤ በጣም ስማርት ነው።»

ይህን እየኮራ ነው የነገረኝ። እኔ ግን አንድ ነገር ያዝኩ። «አጥር ሲደርስ ራሱን የሚያቆም ከሆነ፣ መርካቶ ሲገባ ለምን ቀስ አይልም?» አልኩት።

ስልኩ ጮኸ ወይም የጮኸ አስመሰለ፤ ወረቀቱን ይዞ ወጣ። ጭማቂውን አጠገቤ ለተኛችው ሴት ሰጠኋት።

ማቴዎስ ደግሞ ሲመጣ ድንጋዩን እያሳየሁት ያዝኩት። «ይሄን በእጄ ይዤ ነው የምጠይቅህ። ድርጅቱ ነው የሚልክህ?»

ፊቱ ተለዋወጠ። «እናቴ፣ እርስዎ ሆስፒታል መግባትዎን ቢሯቸው ሄጄ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ይረዱዎታል ብዬ። እነሱ እኔን በፖሊስ አስፈራሩኝ። የነዳሁት በአለቃዬ ስልክ ነው፤ ጥፋቴ ነው። ዕቃ መጫኔም ጥፋቴ ነው። ግን ፍሬኑ ላላ ያለ ነበር። ስነሣ ተሰምቶኛል፤ ሥራ ስለ ረፈደብኝ ዝም ብዬ ሄድኩ። ያም ጥፋቴ ነው። አለቃዬ ግን ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ያንኑ ስኩተር ነድቶ ‹ፍሬኑ አይዝም› ብሎ በስልኩ ልኮላቸዋል። መልእክቱ እስካሁን አለ።»

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?»

«ይቅር ካሉኝ በኋላ ምክንያት መደርደር አሳፈረኝ።»

ይህን ቃል ሰምቼ ብዙ አሰብኩ። የድርጅቱ ወረቀት ሙሉውን ሸክም በዚህ ሰው ጀርባ ላይ አስሮ፣ ቋጠሮውን በእኔ አውራ ጣት ሊያጠብቀው ነበር። «ስማ» አልኩት። «የአንተን ድርሻ አውፍ ብዬሃለሁ፤ እሱ አልቋል። የሌላውን ድርሻ ግን አንተ አትሸከምም። አልፈቅድልህም።»

በዘጠነኛው ቀን ቀዶ ሕክምናው ተደረገልኝ። ከወገቤ በታች ብቻ ነው ያደነዘዙኝ፤ ስለዚህ መዶሻ ሲመታ ሰምቻለሁ። አናጺ ቤት የተኛሁ መሰለኝ። በማግስቱ ሁለት ነርሶች ይዘው አቆሙኝ። ባለ አራት እግር የብረት መደገፊያ ሰጡኝ። ከአልጋው እስከ መስኮቱ አራት እርምጃ ነው፤ አራቱን ስጨርስ ላብ አጠመቀኝ፤ መስኮቱን እንደ ዘመድ አቀፍኩት።

ቤት ስገባ ሕጉ ብዙ ነው፦ ዝቅ ባለ ነገር ላይ መቀመጥ የለም፣ እግር ማጠላለፍ የለም፣ ጎንበስ ማለት የለም። አዲሱ ኳስ ከቦታው እንዳይወጣ ነው። ሶላቴን ወንበር ላይ ሆኜ መስገድ ጀመርኩ። ግንባሬ መሬት ሳይነካ መስገዴ ከሕመሙ ሁሉ በላይ አስለቅሶኛል። የሕክምናውን ወጪ ልጆቼና እድራችን ተሸከሙት። በእነሱ ገንዘብ ስታከም አንገቴን ደፋሁ፤ እነሱ የሰበሩት ነገር የለም።

ፈቲያንም በድያታለሁ። አንድ ቀን ሻይ ስትሰጠኝ ጣቶቿ በፕላስተር ተጠቅልለዋል። «ምን ሆነሽ?» ስላት ደበቀቻቸው። ለካስ ሱቁ አልተዘጋም። ከሥራዋ መልስ እየሄደች፣ ከባሏ ጋር ሆና ጆንያ ስትሰፋ ነበር፤ ደንበኞቼ እንዳይሸሹ። የጆንያ መርፌ ለማያውቀው እጅ ጨካኝ ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስፌቱ ጠማማ ነው ብለሽ እንዳትቆጪ» አለችኝ።

ጠማማ ነበር። «አውፍ በይኝ» ብቻ አልኳት።

ወደ ሱቅ ስለ መመለስ ሳነሳ ግን ችግሩ በርጩማዬ ነበረች። እሷ ላይ ከተቀመጥኩ ዳሌዬ ይወልቃል። ማቴዎስ ይህን ከፈቲያ ሰምቶ ሜትር ይዞ መጣ። ከተረከዜ እስከ ጉልበቴ ሲለካኝ ደንግጬ «ምነው፣ ልትቀብረኝ ነው እንዴ?» አልኩት።

«ላስቀምጥዎት ነው እናቴ» አለ። ሱቄ ውስጥ ከብሎኬት ከፍ ያለ መቀመጫ ገንብቶ፣ ላዩን ከየቤቱ በተረፈ ሴራሚክ አለበሰው። አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ አበባ ያለበት ነው። ዋጋ ልክፈልህ አልኩት፤ እምቢ አለ። እኔም እምቢ አልኩ። በመጨረሻ ለእናቱ ቡና እንድልክለት ተስማማን።

ከሁለት ወር በኋላ ስለ ስኩተሮቹ የሕዝብ ስብሰባ ተጠራ። ከከተማው አስተዳደር ሰዎች መጥተዋል፤ ባለ ጃኬቱም አለ። በዱላና በፈቲያ ክንድ ተደግፌ ሄድኩ። ባለ ጃኬቱ ማይክ ይዞ «የተጎዱት ሁሉ በአገራችን በቆየው የሽምግልና ባህል በሰላም ተስማምተዋል፤ አንድም ቅሬታ የለም» አለ። ከዝርዝሩ ስም ሲያነብ ሦስተኛዋ እኔ ነኝ።

እጄን አወጣሁ። ማይኩን ሲያመጡልኝ ዱላዬን ተመርኩዤ ቆምኩ፤ ተቀምጬ ልናገረው አልወደድኩም።

«እውነት ነው፣ አውፍ ብያለሁ» አልኩ። «አውፍ ያልኩት ግን ማንን ነው? ተንበርክኮ፣ ዓይኔን አይቶ ይቅር በሉኝ ያለኝን ሰው ነው። ድርጅታችሁ መቼ ተንበረከከ? ስኩተሩ መቼ ይቅርታ ጠየቀ? እናንተ ያልጠየቃችሁትን ይቅርታ ከድሃ ሰው ኪስ አውጥታችሁ ነው የያዛችሁት። መልሱለት።»

አዳራሹ ተንጫጫ። አንድ ሽማግሌ «ሐቅ ነው!» ብለው ጮኹ። ማቴዎስ ከኋላ ተነሥቶ የራሱን ጥፋት አንድ በአንድ ተናገረ፤ ከዚያ የአለቃውን ስልክ ከፍቶ ስለ ፍሬኑ የተላከውን መልእክት ከነቀኑ ለአስተዳደሩ ሰው ሰጠ። ሰውየው ሁለት ጊዜ አነበበው።

እኔ አልተቀመጥኩም። «ይነሡ አላልኩም። ተማሪም ሠራተኛም ይጠቀምባቸዋል። ግን ግቢ አጥር ሲደርስ የሚቆም ነገር መርካቶ ሲገባ በሰው እርምጃ ይሂድ። መቆሚያው በቀለም ይሰመርለት፤ ከዚያ ውጭ የተወው ሰው ጉዞው ስልኩ ላይ አይዘጋለት፣ ሒሳቡ ይቁጠርበት። ከሩቅ የሚነበብ ቁጥር፣ የሚሰማ ደወል ይኑረው። ፍሬኑ ተበላሸ የተባለው በዚያው ሰዓት ይቆለፍ። እንደ መኪና ኢንሹራንስ ይግባ፤ ሲሰብር በልጆቼ አይከፈል።»

የአስተዳደሩ ሰው ወደ ባለ ጃኬቱ ዞረ። «ፍጥነቱን በየሰፈሩ መቀነስ ይቻላል?»

«ቴክኒካሊ... ይቻላል።»

«እስከ ዛሬ ለምን አልተደረገም?»

«አልተጠየቅንም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ መርካቶ አካባቢ ቢጫ መስመር ተሰመረ። ስኩተሮቹም እዚያ ሲደርሱ እንዲዘገዩ ተደርገዋል ተባለ። ኢንሹራንሱ «እየተጠና ነው»፤ የሚጠና ነገር ሲረዝም አላምነውም፤ በየሳምንቱ ሰኞ ሄጄ እጠይቃለሁ። ድርጅቱ ለሕክምናዬ እስካሁን የሰጠኝ ነገር የለም። ማመልከቻዬ ግን አሁን ቁጥር አለው፤ ማቴዎስንም በፖሊስ ማስፈራራት ትተዋል።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ «አሁን ብቻዎን መሄድ ይችላሉ» አለችኝ። ፈቲያ «ልከተልሽ» አለች፤ እምቢ አልኳት። ዱላዬን ይዤ ብቻዬን ወጣሁ። እዚያ የወደቅሁበት ቦታ ስደርስም አልቆምኩም። የመርካቶው መታጠፊያ ላይ ከኋላዬ ደወል ተሰማ። ዞር ስል አንድ ወጣት ስኩተር ላይ ቆሟል።

«አዴ፣ ይለፉ» አለኝ።

«አንተ ቅደም» አልኩት። «ከኋላዬ አልፈልግህም።»

ቀደመኝ። እኔም ተባለ ብዬ የማምን ሰው አይደለሁምና በዱላዬ ተከተልኩት። ልጁ እጁ ላይ ያለውን መፍጠኛ ሲጨምረው አየሁ፤ ስኩተሩ አልታዘዘውም። አንድ እግሩን አውርዶ መሬት ሊገፋ ሞከረ። ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ዞሮ አየኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ አለሁ። ከቡና ነጋዴዎቹ መጋዘን እስከ ሱቄ በር ድረስ ጀርባው ከዓይኔ አልጠፋም።